የኮሙናሉ ቁልፍ እጄ ላይ ነው

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ግቢ ኑሮ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተማክረው የመጡ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ጋራ ልብስ ማጠቢያ ናቸው። ይገባኛል። ሰኔ ገባ፣ ዳመናው ወረደ፣ የየብሎኩ ደረጃ እርጥብ ልብስ ተሰቅሎበታል፣ ሰውም ሆድ ብሶታል።

ለአዳዲስ አንባቢዎች፦ እኔ 22 ዓመት በአንድ ሆቴል ላውንደሪ አንሶላ ሳጥብ፣ ስተኩስና ሳጥፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጡረታ ስወጣ ጎረቤቶቼ "ሙያው አለሽ" ብለው ልደታ ባለው ኮንዶሚኒየማችን የኮሙናሉን (የጋራ አገልግሎት ቤቱን) ቁልፍ አስያዙኝ። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ። "እማማ" እያላችሁ ለምትጽፉልኝ ደግሞ፦ ቀስ በሉ እንጂ! "እትዬ" ይበቃኛል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? እኔ ግንፍሌ አካባቢ ያለ የአንድ ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አዋጥተን ሁለት አውቶማቲክ ማሽን ገዛንና ኮሙናሉ ውስጥ አስገባን። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነበር። የፈለገ ወስዶ ያጥባል፣ ክፍያ የለውም። አሁን አንዱ ማሽን ሲዞር እየጮኸ ቆሟል። ሌላው ውሃውን አላፈስም ብሏል። ባለቤቶች "ተከራይ ነው ያበላሸው" ይላሉ። ተከራዮች "ጥገና የባለቤት ነው" ይላሉ። አንደኛ ፎቅ ያሉ አንድ አባት ደግሞ "እኔ በእጅ ነው የማሳጥበው፣ አምስት ሳንቲም አላዋጣም" ብለዋል። ስብሰባ ጠርተን 11 ሰው መጣ፣ ተጨቃጭቀን ተበተንን። አሁን "ማሽኖቹን ሸጠን ገንዘቡን እንከፋፈል" የሚለው ሐሳብ እየገፋ ነው። ምን ይሉናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትሽጡ። በተለይ ውሃ አላፈስም ያለውን ማሽን ጎንበስ ብላችሁ ሳታዩት ለማንም እንዳትሰጡ።

መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉት። ከፊት ለፊቱ፣ ታች ጥግ ላይ፣ አንዲት ትንሽ መዝጊያ አለች። ብዙውን ጊዜ በቀኝ በኩል ናት። በካቻቢቴ ጫፍ ትከፈታለች። ከሥሯ ዝርግ ትሪና አሮጌ ጨርቅ አድርጉ፤ ሆዱ ውስጥ የተኛው ውሃ ይወርዳል። በሙቅ ውሃ ሲያጥብ ከነበረ መጀመሪያ ይብረድ። ከዚያ የፕላስቲኩን ፊልትሮ (ማጣሪያ) ወደ ግራ አዙራችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡት።

የእኛን መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም። የፀጉር ሽቦ። የሸሚዝ ቁልፍ። የሕፃን ካልሲ፣ ያውም አንድ እግር። የልብስ ክር ደግሞ በፀጉር ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ የአይጥ ጭራ መስሏል። ሽታውን ተዉት። አጠብኩት፣ መለስኩት፣ ማሽኑ ውሃውን ግልብጥ አድርጎ አፈሰሰው። ከዚያ አንድ ቀን በፊት የመጣ ጠጋኝ "ፓምፑ ተቃጥሏል፣ ይቀየር" ብሎን ነበር። ገንዘቡ ተዋጥቶ ያለቀ ቢሆን ኖሮ ሳንቲም ለማውጣት አዲስ ፓምፕ እንገዛ ነበር።

የሚጮኸውን እንዲህ ፈትኑት። ልብሱን አውጥታችሁ ከበሮውን በእጅ አዙሩት። ጭር ጭር ወይም ኳ ኳ የሚል ከሆነ ሽቦ ወይም ሳንቲም ሾልኮ ገብቷል። እንደ ወፍጮ ካጉረመረመ፣ የከበሮውን ከንፈር ይዛችሁ ወደ ላይ ስታነሱትም ከተወዛወዘ፣ ከበሮው የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል። ኩሽኔታ ራሱ ውድ አይደለም፤ ጣጣው መፍታቱ ነው። አንዳንዱ ማሽን ገንዳው ተበይዶ የተዘጋ ስለሆነ ኩሽኔታውን ብቻ መቀየር አይቻልም። ስለዚህ ጠጋኙን ገና ሳይፈታ "ገንዳው ይከፈታል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት። ፈትቶ ሜዳ ላይ ከበተነው በኋላ "አይሆንም" ቢላችሁ የጉልበቱን መክፈላችሁ አይቀርም።

እነዚህ ግን በአንድ ቅዳሜ የሚያልቁ ነገሮች ናቸው። እናንተን የጎዳችሁ ቁልፉ ጥበቃው ጋ መሆኑ ነው። ጥበቃው በር ይጠብቅ እንጂ ማን ምን እንዳስገባ በምን ያውቃል?

እኛም እንደናንተው ነው የጀመርነው። ቁልፉ ጥበቃው ጋ፣ እጥበቱ በነፃ፣ ግድግዳው ላይ "እባክዎ ንጽሕና ይጠብቁ" የሚል ወረቀት። የመጀመሪያው ማሽን አራት ወር ሠርቶ ሞተ። የገደለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

ጳጉሜን ላይ ነበር። ለዘመን መለወጫ ቤቴን ሳጸዳ ያን የባለ ሁለት ሰው ብርድ ልብስ አየሁት። ማሽኑ የሚችለው 7 ኪሎ ነው። ብርድ ልብሱ ደረቁን 5 ኪሎ ቢሆን ነው፣ ይችለዋል አልኩ። ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚመዝን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? በሆቴል 22 ዓመት እርጥብ ብርድ ልብስ የተሸከምኩት እኔ! ግን የራስ ሲሆን ዓይን ይጋረዳል። በጉልበቴ ገፍቼ ዘጋሁት። "ቡና ላፍላና እመለሳለሁ" ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ከታች ድው፣ ድው፣ ድው የሚል ሰማሁ። የሰው ቤት ግድግዳ የሚፈርስ መስሎኝ ነበር። ስወርድ ማሽኑ ከግድግዳው አንድ እርምጃ ወጥቶ ቆሟል፣ የውሃ መስመሩ ተነቅሏል፣ ውሃው ወደ መጋገሪያው ክፍል ፈስሶ የአንዲት ጎረቤቴን የተሰጣ በርበሬ ከነሰፌዱ አንሳፍፎታል።

ውሃውን ዘጋሁ፣ ብርድ ልብሴን ጎትቼ አወጣሁ፣ ቤቴ ገባሁ። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ጥበቃው "ቁልፉን ለማን ሰጠህ?" እየተባለ ሲፋጠጥ በመስኮት አየዋለሁ። እሱ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነው፣ ስሜን አላነሳም። ይህን ሳይ ነው ያልቻልኩት። በአራተኛው ቀን ወርጄ "እኔ ነኝ" አልኩ። በርበሬውን ከፈልኩ፣ የጥገናውንም ግማሽ ከፈልኩ፣ ማሽኑ ግን አልተነሳም። ያን ቀን አንድ አዛውንት የተናገሩትን አልረሳውም። "ባለሙያዋ እንዲህ ካደረገች እኛማ ምን እናድርግ?" አሉ። ሰዉ ሳቀ። ማሽኑ አጠገብ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ይቁም የሚለው ውሳኔ የመጣው ከዚያ ሳቅ በኋላ ነው።

አሁን እንዲህ እንሠራለን። አንዲት ሴት ከማክሰኞ እስከ እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ኮሙናሉ ውስጥ ትውላለች። ልብስ የምታስገባውም የምታወጣውም እሷ ናት። ሌላ ሰው ማሽኑን አይነካም፤ እኔም ጭምር። በሩ ላይ የሻንጣ ሚዛን ተንጠልጥሏል፣ ዘምቢሉ ከ6 ኪሎ ካለፈ ለሁለት ይከፈላል። ባለ ሁለት ሰው ብርድ ልብስ አይገባም። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሰዎች ሲያነቡት ወደኔ ያያሉ፣ ይሁን።

አንድ ዙር 50 ብር ነው። 20 ብሩ የሠራተኛዋ ነው። 12 ብሩ መብራትና ውሃ ነው። 18 ብሩ ለጥገና ይቀመጣል። ሁለቱም ማሽን ሲሠራ በቀን 9 ዙር ያህል ይታጠባል። በ26 ቀን 234 ዙር ማለት ነው። ለሷ 4,680 ብር፣ ለመጠባበቂያው 4,212 ብር። መጀመሪያ ላይ በወር መዋጮ ሞክረን ነበር። በወር የከፈለ ሰው "ከፍያለሁ" እያለ አንድ ሸሚዝ ለብቻው ያሳጥባል። በዙር ሲሆን ሁሉም ልብሱን አጠራቅሞ ይመጣል።

የአንደኛ ፎቁ አባትም ጉዳይ በዚሁ ያልቃል። በእጅ ማሳጠብ መብታቸው ነው፣ ካላጠቡ አይከፍሉም። የኮሙናሉ ጣሪያ ቢያፈስ ወይም የጋራው ቧንቧ ቢፈነዳ ግን ድርሻቸው አለ፣ ቤቱ የሳቸውም ነውና። ሁለቱን አትቀላቅሉባቸው። ሰው የሚቆጣው ሲቀላቀልበት ነው።

የባለቤትና የተከራዩን ነገር ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን ማስተዳደር የሰጠው ለባለቤቶች ማኅበር ነው። ልብሱን የሚያጥበው ግን ተከራዩ ነው። ባለቤቱ ሌላ ሰፈር ተቀምጦ ኪራይ ይሰበስባል፣ የማሽኑን መልክ እንኳ አያውቅም። እኛ ድምፅ ባይኖራቸውም ሁለት ተከራዮች ኮሚቴው ላይ እንዲቀመጡ አደረግን። አንደኛዋ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ መዝገቡን ከኔ በተሻለ ትይዘዋለች። ገንዘቡ በማኅበሩ ስም ባንክ ይገባል፣ የሚወጣው በሁለት ፊርማ ነው፣ በየወሩ መጨረሻ ገቢና ወጪው በእጅ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፋል። በመጀመሪያው ወር ማንም አላነበበውም። በሦስተኛው ወር የ30 ብር ስህተት ያገኙ አንድ ሰውዬ ደረጃ ለደረጃ ሲያወሩት ዋሉ። ደስ አለኝ። አነበቡት ማለት ነው።

መብራትን በተመለከተ ከእንጀራ ጋጋሪዎች ጋር ተስማሙ። ኮሙናል ሲሠራ ለእጥበትም፣ ለእንጀራም፣ ለበግ ማረጃም ታስቦ ነው፤ መስመሩ ግን አንድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። ማሽኑ ውሃ ሲያሞቅ 2,000 ዋት ከሆነ ሌላ 9 አምፔር ጨመረ። 25 ሆነ። መስመራችሁ የ20 አምፔር ብሬከር ካለው አብረው ሲበሩ ይጥላል፣ ከዚያ ጋጋሪዋ አጣቢዋን፣ አጣቢዋ ጋጋሪዋን ትሰድባለች። እኛ ጋ ማክሰኞና ዓርብ እስከ ምሳ ድረስ የምጣድ ነው፣ በነዚያ ሰዓቶች ማሽኑ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ያጥባል። ዲቫይደር ላይ ግን ምጣድም ማሽንም እንዳትሰኩ፤ ስፒናው ሲቀልጥ አይቻለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ሠራተኛዋ መጀመሪያ ትነቅላለች፣ ትንሽ ቆይታ ትሰካለች።

ተራውን ስታወጡ የቀን መቁጠሪያውን አትርሱ። በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም ውሃ የማይነኩ ጎረቤቶች አሉ። ተራቸው ያን ቀን ከዋለ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ይቀያየራሉ። እሱ ደግሞ ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ስለሚሄድ ያንን ይለቅላቸዋል። ይሄን ያዘጋጀ ኮሚቴ የለም፣ ራሳቸው ነው የተስማሙት። የጥምቀት ሳምንት ብቻ ያስቸግረናል። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ያለ ሰው ወረፋውን መጥቶ ቢያየው ጥሩ ነበር። በዚያ ሳምንት ለአንድ ቤት አንድ ዙር ብቻ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከሰንጋ ተራ ነው የምጽፍልሽ። ፎቃችን ረጅም ነው። የጋራ ማጠቢያ ክፍሉን ሰገነት ላይ፣ ከሮቶዎቹ አጠገብ አድርገነዋል። "ውሃው ከምንጩ ቅርብ ነው" ብለን። አዲሱ ማሽን ግን ውሃ እስኪሞላ ዘመን ይፈጅና የስህተት ምልክት ያወጣል። ሲጨምቅ ደግሞ እየዘለለ ነው። የሸጠን ሰው "የኮንዶሚኒየም መብራት ነው" አለን።

መልስ፦ እህቴ፣ መብራቱ ምንም አላደረገ። ሮቶው አጠገብ መሆኑ ነው ችግሩ።

ውሃ ጉልበት የሚያገኘው ከከፍታ ሲወርድ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ብዙ አውቶማቲክ ማሽኖች ቢያንስ ግማሽ ባር ይፈልጋሉ፣ በማኑዋሉ ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ሮቶሽ ከማሽኑ በላይ 2 ሜትር ቢሆን የምታገኚው ከሩብ ባር በታች ነው። ማሽኑ ጠብቆ ጠብቆ "ውሃ የለም" ይላል። ያንኑ ማሽን ምድር ላይ አውርጂው፤ ከሮቶው 30 ሜትር ዝቅ ካለ 3 ባር ያገኛል። ማውረድ ካልተቻለ በራሱ የሚነሳና የሚቆም ትንሽ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ይገባለት። ከዚያ በፊት ግን የውሃ ቱቦው ማሽኑ ጀርባ ላይ የሚገባበትን ፍቺና ያችን ትንሽ ወንፊት እያት። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ደለል ነው። የኛ ሠራተኛ ውሃ የመጣ ቀን ቧንቧውን በባልዲ እስኪጠራ ታስኬደዋለች፣ ያ ውሃ ለወለል ይሆናል።

ስለ ፈረቃው ካነሳሁ፦ ከፊት የሚከፈት የ7 ኪሎ ማሽን በአንድ ዙር 60 ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ ሦስት ጄሪካን በይው። ከላይ የሚከፈተው ከዚያ እጥፍም በላይ ሊወስድ ይችላል። 2,000 ሊትር ሮቶ ካለሽ ውሃ በጠፋ ሳምንት ስንት ዙር እንደቀረሽ ቁጭ ብለሽ አስቢው። እኛ ሮቶው ከግማሽ ሲወርድ ዳይፐር ያለበት ቤት ብቻ እንዲያጥብ እናደርጋለን።

ዝላዩን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ጀርባው ላይ ያሉትን የማጓጓዣ ብሎኖች አውጥታችኋል? ከፋብሪካ ሲወጣ ከበሮው መንገድ ላይ እንዳይወዛወዝ ሦስት ወይም አራት ረጃጅም ብሎኖች ያስሩታል። ሳይፈቱ ካሠራሽው እንደታሰረ ወይፈን ነው የሚንደፋደፈው። ፍቺያቸው፣ ቀዳዳውን ከማሽኑ ጋር በመጣው ፕላስቲክ ድፈኚው፣ ብሎኖቹን አትጣዪ፤ ቤት ስትቀይሪ ያስፈልጋሉ። ከዚያ እግሮቹን አስተካክለሽ ላዩ ላይ አንድ ስኒ ውሃ አስቀምጪ። ውሃው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ገና ነው።

ጥያቄ፦ አማቴ ከገጠር መጥተዋል። ይዘውልን የመጡት ማርና አንድ ከረጢት እንዶድ ነው። "ነጠላ በማሽን አይታጠብም፣ በእንዶድ ነው" ብለው የጋራ ማሽናችን ውስጥ እንዶድ ሊጨምሩ ሲሉ ደረስኩባቸው። አኩርፈዋል። ማን ነው ትክክል? (ከተክለ ሃይማኖት)

መልስ፦ ሁለታችሁም ናችሁ፣ ግን እሳቸው ይበልጣሉ።

እንዶድን አትናቂ። የአገራችን ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን ከሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ጋር የተደረገው ምርምር ከዚያ ተነሣ። በዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። ይህን ለአማትሽ ንገሪያቸው፣ ኩርፊያው ይለቅቃል።

ማሽን ውስጥ ግን አይገባም። እንዶድ አረፋ ያበዛል፣ አረፋ ደግሞ የማሽን ጠላት ነው። ልብስ በማሽን የሚጠራው እየወደቀ እየተላተመ ነው፤ አረፋ ሲበዛ ትራስ ላይ እንደወደቀ ይሆናል፣ ቆሻሻው አይለቅም። ፓምፑም አረፋ መግፋት አይችልም። የእጅ ኦሞም እንዲሁ ነው። ሰው "አረፋ ካላየሁ አልታጠበም" እያለ በሲኒ ይገለብጣል። እኛ ጋ ኦሞ ከቤት ይዞ መምጣት የተከለከለው በዚህ ነው። ሠራተኛዋ ለአንድ ዙር ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማሽን ዱቄት ታደርጋለች፣ ጭቃ ለበዛበት ሦስት። በረኪና ደግሞ ጭራሽ አናስገባም፤ የበሩን ጎሚኒ (ላስቲክ) ያደርቀዋል፣ ለሚቀጥለው ሰው ጥቁር ሱሪም ያስፈራል።

ነጠላውን ስንመለከት፦ ጥበቡ ቀለም ይለቅ እንደሆነ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠርዙን ተጭነሽ እዪ። ከለቀቀ በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለብቻው። ካልለቀቀ ቁጭቱን (ጫፉ ላይ የተቋጨውን ክር) ሰብስበሽ በክር እሰሪ፣ በትራስ ልብስ ውስጥ ክተቺው፣ በቀዝቃዛና በዝግታ ይታጠብ፣ ጭመቃው ይቀነስ። ሳታስሪ ካስገባሽው ቁጭቱ ከሌላ ሰው ዚፕ ጋር ይጋባል። ለመፍታት ሁለት ሰው አንድ ሰዓት ተቀምጦ አይቻለሁ፣ በመጨረሻ መቀስ መጣ። የፋሲካ ነጠላ ከሆነ ለአማትሽ ስጫቸው፣ እንዶዱም አለ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ልብሷን ማሽን ውስጥ ትታ ሥራ ትሄዳለች። ተራዬ ሲደርስ አውጥቼ ላስቀምጠው እችላለሁ? የውስጥ ልብስም አለበት። (ወንድ ነኝ)

መልስ፦ አትንካ! ሴት ጎረቤት ጥራ፣ በሷ ዘምቢል ውስጥ ታድርገው፣ ላዩን በፎጣ ሸፍኑት። ያለቀበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ዘምቢሉ ላይ አድርጉ፤ ስድብ አትጻፉ። እኛ ጋ ልብሱ ካለቀ ግማሽ ሰዓት ያለፈው ሰው 20 ብር ይቀጣል፣ እንደ ዕድር ቅጣት ያለ ጭቅጭቅ ይከፈላል። አንተም ስትወጣ የማሽኑን በር ክፍት ተው። ዘግተህ ከሄድክ ጎሚኒው ሻጋታ ያበቅላል፣ ሽታው ወደ ሚቀጥለው ሰው ሸሚዝ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። እናቴ ያሳደገችን በየኮንዶሚኒየሙ በቀን ልብስ እያጠበች ነው። አንድ የምታጥብበት ግቢ የጋራ ማሽን አስገባ። ከስድስት ቤት አራቱ ተዉአት። እርስዎ ማሽን ማሽን ሲሉ እናደዳለሁ። እናቴ ምን ትብላ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ንዴትሽ ልክ ነው፤ ሳልመልስልሽ አንድ ሳምንት ይዤው ከረምኩ።

የኛ ኮሙናል ሠራተኛ የእናትሽ ሙያ ባልደረባ ናት። እዚሁ ግቢ ውስጥ ባኞ ላይ ተቀምጣ ታጥብ የነበረች ሴት ናት። ማሽኑን ስናስገባ ኮሚቴው "ማሽን የሚያውቅ ወጣት እንቅጠር" አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ማሽን በሦስት ቀን ይለመዳል። የቡና ጠብታ በምን እንደሚለቅ፣ ሱፍ በሙቅ ውሃ እንደሚኮማተር፣ የቱ ቀይ ቀለም እንደሚለቅ የሚያውቅ እጅ ግን በሦስት ቀን አይመጣም።

የመጀመሪያውን ወር ማሽኑን አላመነችውም። በቆመችበት በመስኮቱ እያየች "አሁን ይሄ ታጠበ ይባላል?" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፣ የሸሚዝ አንገትና የእጅ ጫፍ ማሽን አያወጣውም። እስከ ዛሬ ድረስ እያንዳንዱን ሸሚዝ አንገቱን በሳሙና ፈተግ ፈተግ ሳታደርግ አታስገባም። የሰፈሩ ሰው ከቤቱ ማሽን እያለው ወደ ኮሙናሉ የሚያመጣው ለዚህ ነው። ብርድ ልብስና ጋቢ በእጅ ታጥባለች፤ ያ ዋጋው የራሷ ነው፣ ኮሚቴው አይነካውም። የልብስ መተኮስ ሥራም ትወስዳለች። ድሮ በስድስት ቤት ስትዞር ታገኝ ከነበረው አሁን ይሻላታል፣ ጉልበቷም አርፏል። ጣቶቿ ግን ክረምት በገባ ቁጥር ያሟታል፣ እሱ አልተመለሰም።

ሁሉም ግቢ እንዲህ ያደርጋል አልልሽም። አብዛኛው ቁልፉን ለጥበቃ ሰጥቶ ማሽኑን በስድስት ወር ይገድላል፣ ከዚያ እናትሽን ተመልሶ ይጠራታል። ያን ጊዜ ግን በድሮው ዋጋ እንዳትገባ። እናትሽ የምታጥብበት ግቢ ማሽኑን የሚጠብቅ ሰው ከሌለው ለኮሚቴው ሰብሳቢ ይህን ገጽ ቀደሽ ስጪው። የ50 ብሩን ስሌት በቀይ አስምሪበት።

እናትሽንም ማክሰኞ ጠዋት ይዘሻት ነይ፤ አድራሻውን ከመጽሔቱ ቢሮ ጠይቂ። አንድ ቀን ከኛዋ ጋር አብረው ይዋሉ። ማክሰኞ የምጣድ ቀን ስለሆነ ትኩስ እንጀራ አይጠፋም።